የደን ጠባቂው የጅብ ጥላ

«እናቴ፣ እዚህ ግቢ ውስጥ ንግድ ክልክል ነው» አለ የምርምር ተቋሙ ዘበኛ፣ ሴትየዋ የያዘችውን የፕላስቲክ ሳህን በአገጩ እየጠቆመ። ሳህኑ ላይ እርጥብ ጨርቅ ተነጥፏል፤ ጨርቁ ላይ አፈር የነካቸው ቡናማ እንጉዳዮች ተኝተዋል።

«ማን ሊነግድ መጣ?»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። ባለፈው አንዷ ዘመድ ልጠይቅ ብላ ገብታ ቢሮ ለቢሮ እንቁላል ስትሸጥ ዋለች። የተቆጡት ግን እኔን ነው።»

«እኔ ለሽያጭ አይደለም የመጣሁት፤ ለጠብ ነው!»

ዘበኛው አንገቱን አከከ። ስለ ንግድ መመሪያ አለ፣ ስለ ፎቶ ማንሳት መመሪያ አለ፣ ስለ ጠብ ግን ማንም የነገረው ነገር የለም። «ከማን ጋር?» አለ በመጨረሻ።

«ከዋናው ሊቅ ጋር።»

«ቀጠሮ ይዘዋል?»

«ለጠብም ቀጠሮ ይያዛል እንዴ?»

«ከእሳቸው ጋር ከሆነ ይያዛል» አለ፤ እሱ ግን ቀልዱን አልነበረም። ደግነቱ በዚያው ቅጽበት ከኋላ መኪና ጡሩንባውን ነፋ፤ ዘበኛው በሩን ሊከፍት ዞር ሲል ሴትየዋ ሳህኗን ደረቷ ላይ አጥብቃ ሾልካ ገባች።

ይህችን ልብስ ሰፊ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃታል። ሱሪውን ያላሳጠረችለት ወንድ፣ ቀሚሷን ያላሰፋችላት ሴት የለም። ስትናደድ ጥርሷን ነከስ ታደርጋለች፤ አፏ ውስጥ ክር የሌለ እንደሆነም ክር የምትበጥስ ነው የምትመስለው። በዚያን ቀን ከቤቷ እስከ ተቋሙ በር ድረስ ሙሉ ድውር ስትበጥስ ነበር የመጣችው።

ነገሩ የሚጀምረው ከባሏ ነው። ባሏ ደን ጠባቂ ነበር፤ ባለፈው ክረምት ነው የሞተው። በሕይወት ሳለ ጫካው ውስጥ ከበሰበሰ ግንድ ሥር የሚበቅል አንድ እንጉዳይ ዓይኑ ውስጥ ገባ። የሰፈሩ ሰው እንዲህ ያለውን ሁሉ የጅብ ጥላ ብሎ በእግሩ ገፋ አድርጎ ነው የሚያልፈው። እሱ ግን ለቀም አድርጎ ባርኔጣው ውስጥ አስቀምጦ ወደዚህ ተቋም ወሰደው። ሊቁ በማጉያ መነጽር ሲያገላብጡት ከርመው፣ «ይህ እስከ ዛሬ በማንም አልተመዘገበም» አሉ፤ በጠባቂውም ስም ሰየሙት።

ሳይንስ ለእንጉዳይ ሁለት ስም ይሰጣል፤ የፊተኛው የወገኑ ነው፣ የኋለኛው የራሱ። የፊተኛውን ልብስ ሰፊዋ እስከ ዛሬ አጥርታ ጠርታው አታውቅም፤ ምላሷ ላይ እንደተሰበረ መርፌ ይሰነቀርባታል። የኋለኛው ግን የባሏ ስም ነው፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ጅራት ተቀጥሎበታል እንጂ ራሱ ነው። ባልየው ነገሩን በሳቅ ነበር የተቀበለው። «ልጄም በስሜ ትጠራለች፣ እንጉዳዩም በስሜ ይጠራል፤ ሁለት ወለድኩ ማለት ነው» ይል ነበር። እሷ ግን እንዲህ በቀላሉ አላለፈችውም። ዚፕ ለማስቀየር የመጣ ሰው የእንጉዳዩን ታሪክ ሳይሰማ ሱሪው አይመለስለትም። ታሪኩን ሦስቴ አራቴ የሰሙ ሰዎች ዚፓቸውን በመርፌ ቁልፍ ይዘው መሄድ ጀምረው ነበር ይባላል።

ባሏ ሲሞት ታዲያ አንድ ነገር ወሰነች፤ መቃብሩ ላይ የሚቆመው ድንጋይ እንጉዳዩ ይቀረጽበት፣ ከነሳይንስ ስሙም ይጻፍበት አለች። ዋርሳዋ ድንጋይ ጠራቢ ነው። ለወንድሙ ሲል ግቢዋ ውስጥ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ሲጠርብ፣ ሲፈገፍግ፣ ሲያለሰልስ ሰነበተ። እንጉዳዩም ስሙም ተቀርጾ አለቀ። ድንጋዩ በመጪው ቅዳሜ ሊቆም ዘመድ ሁሉ ተጠርቷል።

ይኸኔ ነው ልጇ እሁድ ለምሳ የመጣችው። ልጅቱ የአባቷን ዱካ ተከትላ ያንኑ የእንጉዳይ ትምህርት ተምራ፣ በዚያው ተቋም በሊቁ ሥር ትሠራለች። ስትበላ ቆየችና ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«እማ፣ ከሌላ ሰው ሳትሰሚ እኔ ልንገርሽ ብዬ ነው።»

«ልታገቢ ነው!»

«አይደለም። የአባዬ እንጉዳይ ነገር ነው። አዲስ አይደለም።»

«እንዴት ብሎ አዲስ ይሆናል? አንቺ ገና ትምህርት ቤት ሳትገቢ አይደል እንዴ የተገኘው?»

«እንደሱ አይደለም የምልሽ። ከአባዬ በፊት፣ ከአያቴም በፊት ሌላ ሰው ሌላ አገር ጫካ ውስጥ አግኝቶት ስም አውጥቶለት ነበር። የደረቀው ናሙና ከአንድ ቁም ሣጥን ጀርባ ወድቆ ኖሮ ዘንድሮ ነው እጃችን የገባው። አንድ እንጉዳይ ነው፣ እማ። ሕጉ ደግሞ ቀድሞ የወጣውን ስም ነው የሚያጸናው።»

አብሯቸው የሚበላው ዋርሳዋ ጉርሻውን አፉ ውስጥ ይዞ አንዴ እናትየዋን አንዴ ልጅቱን ያያል።

«ማንም አልመዘገበውም ብለው አልነበር ሊቁ?» አለች እናት።

«የዱሮውን በጽሑፍ ብቻ ያውቁት ነበር፤ በሽንሽኑ ነዋ የለዩት» አለች ልጅ። ከእንጉዳዩ ቆብ ሥር የተደረደሩትን ስስ እጥፋቶች እናትና ልጅ ድሮም ሽንሽን ነው የሚሏቸው፤ ቃሉን ልጅቱ ከስፌት መኪናው ሥር እየዳኸች ነው የለመደችው። «የዱሮው ሽንሽኑ ከእግሩ ሸሽቷል፣ አይነካውም ይላል ጽሑፉ። አባዬ ያመጣው ግን ሽንሽኑ እግሩን ጥብቅ አድርጎ ይዟል። ስለዚህ ሁለት ዝርያ ናቸው አሉ። እኔ ግን ክረምቱን ሙሉ ጫካ እየተመላለስኩ አየሁት። ለጋ እያለ ይይዛል፤ ሲያረጅ እየሸሸ፣ እየሸሸ ይሄዳል። አንዱ እንጉዳይ ነው እየጎረመሰ የሚያረጀው። በዘረመልም አስመረመርኩት፤ ልዩነት የለውም።»

«ታዲያ ያኔ ያረጀውን ለምን አላዩትም?»

ልጅቱ ትንሽ አመነታች። «አባዬ ያረጀ አይወስድላቸውም ነበራ! ‹ለተማረ ሰው ትል የጀመረው ይዤ እሄዳለሁ?› ይል አልነበር?»

«ስለዚህ ጥፋቱ የአባትሽ ነው!»

«እኔ እንደዚያ አልወጣኝም!»

«እሺ፣ የዚያኛው ስም ማነው? የባሌን ቦታ የሚወስደው ጌታ ማን ይባላል?»

«የሰው ስም አይደለም።»

«እና የምን ነው?»

ልጅቱ ሳህኗን አየች። «እግሩ ሥር ጥቁር ጸጉር ነገር አለው፤ ጭቃ የረገጠ ይመስላል። ስለዚህ... ስሙ ቆሻሻ እግር እንደ ማለት ነው።»

ዋርሳዋ ሳቁን በውሃ ሊያወርደው ብርጭቆውን ቢያነሳ ትን አለው። ያልሳቀችው ልብስ ሰፊዋ ብቻ ነበረች። ዕድሜዋን ሙሉ ከባሏ ጋር የተጣላችው በምን ሆነና! ከጫካ በተመለሰ ቁጥር ቦት ጫማውን ሳያወልቅ ሰተት ብሎ ገብቶ ወለሏ ላይ ጭቃ እያተመ፤ እሷ እየተከተለች እየጠረገች፤ «ሰውዬ፣ ጫካውን ውጭ ተወው!» እያለች።

«የአባትሽን ስም ጥለሽ ቆሻሻ እግር ልትዪው?» ብላ ብድግ አለች። «መቃብሩ ሣር ሳይለብስ! ከልጅ አትጫወት ይወጋሃል በእንጨት ይላሉ፤ አንቺ በምን እንደወጋሽኝ እንጃ፣ እንጨት እንኳ አይደለም!»

«እማ፣ እውነት ስለሆነ እኮ ነው።»

«እውነት! እውነትን ያስተማረሽ ማን ሆነና!»

ወደ ሥራ ክፍሏ ገባች። ወዲያው የስፌት መኪናው ጩኸት ቤቱን ሞላው። ዋርሳዋ ቀስ ብሎ አንገቱን አስግጎ አየና ተመለሰ። «ከመርፌው ሥር ጨርቅ የለም» አለ ለልጅቱ በሹክሹክታ። «ዝም ብላ ነው የምትረግጠው። እኔ ብሆን ዛሬ ወደዚያ አልሄድም።»

ሳምንቱ እንዲሁ በኩርፊያ ተጋመሰ። ልብስ ሰፊዋ ግን ሌሊቱን ሳይሆን ቀኑን ነበር የተከዘችው፤ በያንዳንዱ ኮት ኮሌታ ላይ ታስባለች። ልጅቱ የጻፈችው ከታተመ ያ ድንጋይ በዓለም ላይ ማንም የማይቀበለውን ስም ተሸክሞ ሊቆም ነው። ለባሏ በዚህ ምድር ላይ የቀረለት ያው ስም ብቻ ነው፤ እሱንም የገዛ ልጁ ልትነቅለው። ሊያስቆማት የሚችለው አለቃዋ ነው፤ ስሙን የሰጡትም እሳቸው ናቸው። ስለዚህ በዚያን ቀን ጠዋት ማልዳ ጫካ ወጣች፣ እንጉዳዩን ለቀመች፣ በእርጥብ ጨርቅ አስተኛችና መጣች። ለማስረጃ ይሁን ለእጅ መንሻ እሷም በደንብ አልለየችውም።

የሊቁ ቢሮ ሰፊ ነው። ከጠረጴዛው ጀርባ ግድግዳው ላይ የእንጉዳዩ ፎቶ በመስታወት ተሰቅሏል፤ ከሥሩ ስሙ ተጽፏል። ሊቁ ራሳቸው ጠብደል ያሉ፣ ክራቫታቸው ላይ የሻይ ጠብታ ያለባቸው ሽማግሌ ናቸው። ልብስ ሰፊዋን ሲያዩ ተነሡ፤ ወንበር ላይ የተከመረ ወረቀት አነሡላት፤ ወረቀቱን የሚያስቀምጡበት ሲያጡ ይዘውት ቁጭ አሉ።

«አውቃለሁ፣ እመቤቴ፣ አውቃለሁ» አሉ ገና ሳትጀምር። «እኔም ነግሬያታለሁ። ይህ ነገር መቆየት አለበት ብያታለሁ።»

የልብስ ሰፊዋ ትከሻ ረገብ አለ። «እንደሱ ነው እኔም የምለው! አልሰማ ብላኝ ነው እንጂ።»

«ወጣት ናት።»

«ናት።»

«ችኩል ናት።»

«አዬ! ከሕፃንነቷ ጀምሮ!»

«ደግሞም፣ በእኔና በእርስዎ መካከል ይቅርና፣ ትንሽ ዕውቀቷን ማሳየት ትወዳለች። ስም ፈላጊ ናት።»

እዚህ ላይ ልብስ ሰፊዋ «ናት» አላለችም። የራስን ልጅ ማማት የራስን ቁስል እንደ ማከክ ነው፤ ራስ ሲያከው ደስ ይላል፣ ሌላ ሰው ጣቱን ሲሰድበት ግን ያማል።

ሊቁ አላስተዋሉም። «ስለዚህ አይሥጉ። ጽሑፉ ያለ እኔ ፊርማ ከዚህ ግቢ አይወጣም፤ መሳቢያዬ ውስጥ ይተኛል። አልሰማ ካለች ደግሞ ውሏ ዘንድሮ ያልቃል፣ አይታደስም። ቢብስ ቢብስ፣ ነገሩ በሌላ በኩል እንኳ ቢወጣ፣ እኔ የምጽፈውን አውቃለሁ።»

«ምን ብለው ይጽፋሉ?»

«ናሙናውን የሚያመጣልኝ ሰው እያሳሳተኝ ነበር እላለሁ። ያልበሰለ ያልበሰለውን ብቻ እየመረጠ አመጣልኝ፤ በዚያ ላይ ተመሥርቼ ወሰንኩ። እንግዲህ ባለቤትዎም አይፈረድባቸው፣ የጫካ ዘበኛ ነበሩ፤ ምን ያውቃሉ?»

ልብስ ሰፊዋ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፤ የእርጥቡ ጨርቅ ውሃ በሊቁ ወረቀቶች ላይ ፈሰሰ።

«አሳሳተኝ?» አለች ቀስ ብላ።

«ለአነጋገር ያህል ነው...»

«አሳሳተኝ? ያ ሰው በጭቃ እየተንሸራተተ ያን ቁልቁለት ወርዶ፣ ለልጁ እንኳ ያላሳያትን ምርጥ ምርጡን በባርኔጣው አቅፎ ለእርስዎ ሲያመጣ፣ ራሱ ዝናብ እየመታው፣ እርስዎ እዚህ በደረቅ ወንበር ተቀምጠው ‹አስቀምጠውና ሂድ› ይሉት አልነበር? አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን፣ ሽቅብ ወጥተው የት እንደሚበቅል አይተዋል?»

«ጉልበቴ ያኔም...»

«ጉልበትዎን ይማረው! ግንዱ ሥር አንዴ ቢያጎነብሱ ያረጀውም ለጋውም ጎን ለጎን ቆሞ ያዩት ነበር። ልጄ አይታው የለ! በእግሯ ሄዳ!» ድምጿ ኮሪደሩን አልፎ ሄደ፤ የጎረቤት ቢሮ በር ሲከፈት ተሰማ። ቀና ብላ ፎቶውን አየች። ከሥሩ የተጻፈው ስም ሁለት ቃል መስሏት ኖሮ አሁን ሦስተኛ ቃል አየች። «ከባሌ ስም ቀጥሎ ያለው ይሄ ማን ነው?»

ሊቁ ክራቫታቸውን ነካኩ። «እ... የኔ ነው። ስሙን ያወጣው ሰው ስም ከጎኑ ይጻፋል። ደንብ ነው።»

«የባሌ ሲወድቅ ታዲያ የእርስዎስ?»

ሊቁ የረጠበውን ወረቀት በእጃቸው ያብሱ ጀመር።

«አሃ! አብሮ ሊወድቅ ነዋ! እኔ እኮ ለባሌ የሚከራከርለት አገኘሁ ብዬ ነበር፤ ለካ እርስዎ ለራስዎ ነው የሚዋደቁት! ኮቱን ለብሰው ሲያበቁ ጨርቁ ሲቀደድ ሰፊውን ያሳስራሉ! ሙት ወቃሽ! መልስ መስጠት የማይችለውን ሰው!» ሳህኗን አነሣች። «ልጄን እኔ እቆጣታለሁ፤ ቢያሻኝ እመታታለሁም፣ እናቷ ነኝ። እርስዎ ግን የባሌን ስም ባወጡበት አፍዎ መልሰው እሱን ሊያዋርዱበት ከሆነ፣ ስሙ ይቅርብን! ይውደቅ! በእርስዎ አፍ ከሚጠራ ቆሻሻ እግር ይባል!»

ስትወጣ ኮሪደሩ ሰው ሞልቶበታል። ሥራ የያዘው የለም፤ ሁሉም ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ የሚያነብ ይመስላል። ልጇ ነጭ የሥራ ጋውኗን እንደለበሰች መሐላቸው ቆማለች፤ ፊቷ ከጋውኑ ይበልጥ ነጥቷል።

«እማ...»

«አንቺን ገና አልጨረስኩሽም» አለች እናት፤ ግን ክንዷን ይዛ ወደ ልጅቱ የሥራ ክፍል ገፋቻት።

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ የደረቀ ቅጠል ይሸታል። መስኮቱ አጠገብ የእንጉዳይ ቆቦች ወረቀት ላይ ተደፍተው ብርጭቆ ተከድኖባቸዋል፤ አንዱ ተነሥቶ ወረቀቱ ላይ ከሥሩ የረገፈው የዘር ዱቄት ልክ እንደ ጃንጥላ ቀሚስ ሽንሽን መስመር መስመር ሠርቶ ቀርቷል። እናትየዋ ሳታስበው ጎንበስ ብላ አየችው። ይህን ስፌት ማን ሰፋው ልትል ነበር፤ ቁጣዋ ትዝ ሲላት ቀና አለች።

ልጅቱ ሳህኑን ተቀብላ እንጉዳዮቹን አንድ በአንድ ገለበጠች። ቀስ በቀስ ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እናትየዋ ልታለቅስ መሰላት፤ ሳቅ ኖሯል።

«ምን ያስቅሻል?»

«እማ፣ ሁሉም ለጋ ናቸው እኮ። አንድ ያረጀ የለም። አንቺም መርጠሽ ነው የለቀምሽው።»

«ታዲያ ለትልቅ ሰው የረገፈ ይዤ...» ብላ ጀመረችና እዚያው ላይ ቆመች። ክሩን በጠሰችው። ባሏ በበሩ የገባ ያህል ነበር፤ ከነባርኔጣው፣ ከነጭቃው። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«አባትሽስ?» አለች። «ጭራሽ ይጠፋል?»

«አይጠፋም። የጸናው ስም ከላይ ይጻፋል፣ የአባዬ ከሥሩ። ማንም ስለዚህ እንጉዳይ በደንብ የሚጽፍ ሰው ሁለቱንም ሳይጠቅስ አያልፍም።»

«ከሥር» አለች እናት፤ ቃሉን ሎሚ እንደ ነከሰች ሁሉ። «እንግዲያው ጻፊው። ባሌ ምርጡን እየሰጠ፣ ያ ሰውዬ ሄዶ ሳያይ እንደቀረ አድርገሽ ጻፊ።»

«እንደዚያ አይጻፍም፣ እማ።»

«እንዴት ነው የሚጻፈው?»

«‹የቀደመው ገለጻ በለጋ ናሙናዎች ላይ ብቻ የተመሠረተ ነበር› ነው የሚባለው።»

«ይሄ ስድብ ነው?»

«በእኛ ሙያ ከባድ ስድብ ነው።»

«በይ አሳምረሽ ስደቢው።»

«ካልፈረሙልኝስ? ከሥራ ቢያስወጡኝስ?»

«ይሄ ሁሉ ሰው በር ላይ ቆሞ ሰምቶ? ይፈርማል፤ እጁ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን። ካስወጣሽም እኔ ጋ ዚፕ ትቀይሪያለሽ።»

«ዚፕ መቀየር አልችልም እኮ።»

«አውቃለሁ። እሱ እንቢ ስላለሽ አይደል ያስተማርኩሽ» አለችና ሳህኗን አራግፋ ወጣች። በሩ ላይ ዘበኛው «ጠቡ አለቀ፣ እናቴ?» ሲላት «እረፍት ነው» ብላው አለፈች።

ሊቁ ፈረሙ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጅቱን ሰላም አይሏትም፤ ውሏም ይታደስ አይታደስ ገና አልታወቀም።

ሌሊቱን ሲያካፋ አድሮ ቅዳሜ ጠዋት አባራ። ዘመዶች ሳይደርሱ ዋርሳዋ ቆርቆሮው ሥር ከድንጋዩ ፊት ተንበርክኮ መሮውን ይዞ ይጠብቃል። ልብስ ሰፊዋ ደጃፏ ላይ እጇን አጣምራ ቆማለች። ኩርፊያዋ አልለቀቃትም፤ ማንን እንደምታኮርፍ ግን እንደ ሰሞኑ ግልጽ አይደለም።

«እትዬ፣ ንገሪኝ እንግዲህ» አለ ዋርሳዋ። «ልፈቅፍቀው ወይስ ልተወው? ስሙን ከፈቀፈቅኩት ጎድጓዳ ይሆናል፤ ውሃ ያቁራል፤ ወንድሜ ላይ ወፍ ይታጠብበታል።»

«ስሙን አትንካ!»

«ልክ አይደለም ሲሉሽ?»

«አትንካ አልኩህ። ይልቅ ከዚያ ለጋ እንጉዳይ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ጨምርበት። ሽንሽኑ ከእግሩ የሸሸ።»

«ሽማግሌ እንጉዳይ አይቼ አላውቅም። ሁሌም የምታሳዩኝ ለጋውን ነው።»

ይኸን ጊዜ ልጅቱ ከጫካ ወጥታ በአጥሩ በር ገባች። እጇ ላይ ጠርዙ የተበጣጠሰ፣ ትል የቀመሰው፣ ቆቡ እንደ አሮጌ ባርኔጣ የተጣመመ አንድ እንጉዳይ ይዛለች። ለአጎቷ ሰጠችው። እሱም ገልብጦ አየና፣ «ምስኪን! ወንድሜን ይመስላል» አለ፤ ከዚያም መሮውን አነሣ። «ከስሙ በላይ ደግሞ ባዶ ቦታ አለ፣ እትዬ። አንድ መስመር ይበቃል። ዝም ብዬ ልተወው?»

ልብስ ሰፊዋ ድንጋዩን አየች። «አትተወው» አለች።

ልጅቱ ወደ ቤት እየገባች ነበር፤ ደጃፉ ላይ ስትደርስ ይህን ሰምታ ዞረች። ዓይኗ ፈጠጠ። «እማ! የላይኛውንም ስም ልታስጽፊው ነው? ያንን... ቆሻሻ እግርን? አባዬ መቃብር ላይ?»

እናትየዋ ከአጥሩ በር ጀምሮ እስከ ደጃፏ የታተመውን የጭቃ ዱካ በዓይኗ ተከተለችው። ዱካው ልጅቱ ቦት ጫማ ላይ ሲያልቅ፣ ዓይኗም እዚያው ላይ ቆመ።

«መጀመሪያ እግርሽን ጥረጊ» አለቻት።